ጠራ

«ጠራ» አለኝ ፈንታሁን፣ ጎማውን ጠቅልሎ፣
ሁለት መቶ ብሬን ከመዳፌ ነጥሎ።
ከላይ ውሃ ገባ፣ ከታች ውሃ ወጣ፤
መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ቢጫ መጣ፣
ከዚያ እንደ ምንጭ ጠራ። ሲጋራዬ አላለቀም።
ርካሽ ነገር መቼም
ደስ ሳያሰኝ አይቀርም።

ባለመኪናዋም፣ እትዬ የውብዳር፣
«ውሃ በብር ልግዛ ተቀምጬ ባሕር ዳር?»
ብላኝ ነበር ቀድማ፤ እኔም አልተከራከርኩ፤
ጣናን በጀሪካን ሞላሁ፣ ክዳኑን ጠመዘዝኩ።

ከመርዓዊ ሰባ ኩንታል በቆሎ ጭነን፣
አሮጊቷን ኢሱዙ በሌሊት ቀሰቀስን።
ደጀንን ሲወርዱ ፍሬን ነው የሚያስፈራ፤
ሽቅብ ሲሉ ነው እንጂ ሞተር ሆዱን የሚያወራ።
አባይን ተሻግረን፣ ሦስተኛው መታጠፊያ፣
መርፌው ከቀዩ ገባ፤ የለውም መቆሚያ።
ጥግ ይዤ አቆምኩ። ረዳቴ ማንደፍሮ
ዘሎ ወረደ፣ ድንጋዩን ለጎማው ወርውሮ፤
«ክዳኑን ተወው!» ስል እንፋሎቱ ቀደመኝ።
እጁን ሲይዝ አየሁት። እሱ ዝም አለ፣ እኔን አመመኝ።

እስኪበርድ ሦስት ሰዓት ዐለት ጥግ ተቀመጥን፤
ሲኖትራክ ሁሉ እያለፈ ጥሩምባውን ነፋብን፤
በቆሎ የሸተታቸው ዝንጀሮዎች ከበቡን፤
ማንደፍሮ በግራ እጁ ጠጠር ይወረውራል።

የደቅ ሰዎች ሲሉ ሰምቻለሁ በታንኳ፣
«አባይ ጣናን ሲያልፍ አይቀላቀልም እንኳ፤
የራሱን መስመር ይዞ፣ ዳሩን ሳይነካካ፣
እንደ ገባ ይወጣል።» የፈንታሁን ውሃም ለካ
እንዲያ ነበር ያለፈ፣ በክፍቱ ቱቦ ሾልኮ፤
የተደፈነው ደጃፍ አልተንኳኳም እኮ።
ጠራ የተባለው የሚያልፈው ነው እንጂ
የሚቀረው አይደለም።

አባይ ማዶ፣ ከዋንዛው ሥር፣ አላምረው ይሠራል።
ቀስ ብሎ ይጠይቃል፦ መቼ? የት? ምን ጭና? ምን ይሸታል?
ቴርሞስታቱን ፈታ። «ይህ በር እየተዘጋ
እጥበት ቀልድ ነው» አለና ለመፍቻው እጁን ዘረጋ።
መድኃኒት ጨመረ፤ ሞተሩን አስነሳ፤
አሞቀ፤ ደፋ፤ ሞላ፤
ደግሞ አሞቀ፤ ደግሞ ደፋ፤
ምሳ ሰዓት አለፈ፤ እሱ ግን ምሳ ረሳ።

በነጋታው ጎማውን ገለበጠ፤ ከመውጫው ወደ መግቢያው
ኋላ በኋላ ለቀቀው።
ያን ጊዜ ነው የወጣው፦
እንደ ገል የተሰባበረ ዝገት፣ ደለል፣ የኖራ ቅርፊት፣
የላስቲክ ቁራሽ፤ ደግሞም ነጭ፣ እንደ አይብ የረጋ ነገር።
«ይህስ?» አለኝ በስንጥር አንስቶ። አፈርኩ።
እንቁላል ነው። አምና ዱርቤቴ ላይ ሲያንጠባጥብ
በሰው ምክር ሁለት ሰብሬ የጨመርኩ።
ለእትዬ የውብዳር እስከ ዛሬ አልተናገርኩ።

አልሳቀብኝም። ራዲያተሩን አውርዶ፣ ቱቦ በቱቦ
በቀጭን ብረት ጠረገው።
አሮጌውን ፈሳሽ ቦይ ውስጥ አልደፋም፤ በርሜል ውስጥ ከደነው፦
«ጣፋጭ ነው፤ ውሻ ይልሰዋል። ከላሰው ደግሞ...»
አልጨረሰውም።
የፈንታሁን ቦይ ቁልቁል ነው። ቁልቁሉም ሐይቁ ነው።

ሁለት ቀን። አራት ሺህ ስምንት መቶ፣
ከነኩላንቱ፣ ከነተጣራው ውሃ።
እትዬ በስልክ ጮኸች። እውነቷን ነው፤ የአንድ ጉዞ ትርፍ ነው።
ማንደፍሮ አጠገቤ፣ ማንጎውን በታሰረው እጁ ደግፎ፣
በደህናው ይልጣል።
«አለህ?» አለችኝ።
«አለሁ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

አመሻሽ ላይ ድልድዩን ስሻገር መርፌው መሐል ቆሟል።
በመስኮት ቁልቁል አየሁ፤
አባይ ከጣና ይወጣል።
ከላይ ሲያዩት፣
ጠርቷል።